የታመመ ሰው አይለካም

ሰው የሚፈራውን ነገር በስሙ አይጠራም። ይህ የእኔ ግኝት አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ሂሳብ የማስተምራቸው ልጆች የፈተናውን ሳምንት «ያ ሳምንት» ነው የሚሉት። ጎረቤቴ ጥሏት የሄደውን ባሏን «ያ ሰውዬ» ትለዋለች፤ ስሙ ተስፋዬ መሆኑን ያወቅኩት በስድስተኛው ዓመት ነው። «ያ» ያልነው ነገር ራቅ ብሎ የሚቆምልን ይመስለናል። ስሙን ከጠራነው ግን «አቤት» ብሎ ሊመጣ ነው።

በሽታም እንደዚሁ ነው። ወባን በስሟ እንጠራታለን፤ እንዲያውም እዚህ ሚዛን ተፈሪ «ወባዬ ተነሳችብኝ» የሚል ሰው ስሰማ ስለ አክስቱ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ። ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ ስኳር፣ ደም ብዛት፣ ሁሉም ስማቸው ይጠራል፤ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ሁሉ መድኃኒታቸውን ያዝላችኋል። አንዱ ብቻ ስም የለውም። «ያ በሽታ» ይባላል። እሱ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ዓይን ወደ በሩ ይሄዳል፤ አንዳንዷ ሴትም ሳታስበው እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና፣ የት እንዳደረገችው ስታይ ደንግጣ ታነሳዋለች። አባቶች በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል። ብለዋል እንጂ፣ እነሱም ቢሆኑ የትኛውን በሽታ እንደሆነ በስሙ አልጠሩትም።

ያ በሽታ ባለፈው ዓመት እናቴን ያዛት።

እናቴ ብርቄ ትባላለች። ስድሳን አልፋለች። ሸዋ ቤንች አጠገብ ቡናዋን እየለቀመች፣ ጎደሬዋን እየተከለች፣ ማንንም ሳታስቸግር ብቻዋን ስትኖር ነበር። ግራ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ስምንት ወር ሙሉ «ቡግንጅ ነው» እያለች ደበቀችን። በመጨረሻ ጅማ ወሰድናት፤ ጡቷን ቆርጠው አወጡት። በየሦስት ወሩ እየተመለሰች እንድትታይ ተነገረን። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሚዛን እኔ ቤት አመጣኋት። ባለቤቴ ሥራው ቴፒ ስለሆነ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቤቱ የእሷና የእኔ ሆነ። የአክስቴ የዘነበችም ሆነ ማለት ይቻላል።

አክስቴ ዘነበች የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከእኛ ሦስት አጥር አልፎ ትኖራለች። በየቀኑ ትመጣለች። ስትመጣ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «እንዴት አደረች?» ትለኛለች። የተቆረጠው ጡቷ እንጂ ጆሮዋ እንዳልሆነ የነገራት ሰው የለም።

እናቴ ከቤት መውጣት ያቆመችው ከጅማ በተመለስን በሁለተኛው ወር ነው። ያስቀራት በሽታው አልነበረም፤ ልብሷ ነው። በአንድ ወገን ሞልቶ በሌላው ወገን ባዶውን የሚንጠለጠል ሸሚዝ አይታችሁ እንደሆነ፣ ዓይን ሌላ ቦታ አያርፍም። እናቴ ዘዴ ፈጠረች። ሻርፕ ጠቅልላ ጎደሎው ቦታ ትወሽቀዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት አለ፤ ዘዴው እዚያ ለሦስት ሳምንት ሠራላት። በአራተኛው ሳምንት መዝሙሩ ሞቅ ሲል እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። የእኛን ሴቶች ሲጸልዩ ላላያችሁ ልንገራችሁ፤ ግማሽ እጅ መዘርጋት የሚባል ነገር አናውቅም። ሻርፑ ተንሸራተተ፣ ወደ ሆዷ ወረደ፣ ከዚያ በቀሚሷ ስር አልፎ መሬት ወደቀ። አጠገቧ የነበረች ሴት ጎንበስ ብላ አነሳችና «እትዬ ብርቄ፣ ሻርፕሽ ወድቋል» ብላ ሰጠቻት። ሴትየዋ ክፉ አላሰበችም። እናቴ ግን ሻርፑን ይዛ ወጣች፣ በዝናብ ቤት ገባች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የውጭውን በር ያለፈችው ለሐኪም ብቻ ነው።

ያኔ ፈራሁ። ሐኪሙ ብይ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ከሰው ጋር ተጫወቺ ብሏታል። እሷ ግን ጓሮ ባለው በረንዳ ላይ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ትቀመጣለች። ሳህኗ እንደቀረበ ይመለሳል። መጋረጃ ገልጬ ከኋላዋ አያታለሁ፤ አንገቷ በየሳምንቱ እየቀጠነ ነው። በሽታው ቢምራት እንኳ ይህ በረንዳ አይምራትም አልኩ። የምትለብሰው አንድ ነገር ብታገኝ፣ ሻርፕ የማይፈልግ፣ እጅ ሲዘረጋ የማያሳፍር አንድ ሸሚዝ ብታገኝ ትወጣለች ብዬ አሰብኩ።

«ልብስ ሰፊው ጋ ልውሰድሽ» አልኳት።

«ያ ለፍላፊ ጋ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዋናው መንገድ ልብስ ሰፊያችን መልካም ሰው ነው፣ ስፌቱም አይታማም፤ ግን በረንዳው ላይ ነው የሚለካው፣ የለካውን ደግሞ እንዳይረሳው ጮክ ብሎ ይናገራል። «ደረት መቶ ሁለት!» ሲል ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው ሳይቀር ዞሮ ያያል። የእናቴን ደረት ምን ብሎ እንደሚጠራው ማሰብ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ራሴ ልሰፋው ወሰንኩ። ሲቸግር ጤፍ ብድር ይባል የለ፣ እኔም ከመምህራን ክፍል ጓደኛዬ የፋሽን መጽሔት ተበደርኩ። መካከሉ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ ትልቅ የንድፍ ወረቀት አለው። «ቀላል ሸሚዝ፤ ለጀማሪዎች፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ» ይላል በእንግሊዝኛ። የማን ከሰዓት በኋላ እንደሆነ አይልም። የእኛ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ይጀምራል፣ ዘጠኝ ላይ መብራት ይጠፋል። ቢሆንም ሥዕሉ ላይ ያለው ሸሚዝ ሰፊ ነበር፤ ከትከሻው ላይ ተሸብሽቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከስሩ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አይናገርም። ደስ አለኝ። ለሠርጌ የተሰጠኝ የስፌት መኪናም አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ሆኖ አገልግሎናል። ቴሌቪዥኑን ወንበር ላይ አወረድኩና ዘይት ቀባሁት።

የንድፉን ወረቀት ስዘረጋው ደነገጥኩ። ስድስት ልክ፣ ስድስት ዓይነት መስመር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሟል። የትኛውን መስመር ተከትሎ እንደሚቆረጥ የሚታወቀው በለባሿ ደረት ነው። «ከሁሉ አስቀድሞ የለባሿን ደረት ሙሉ ዙሪያ ይለኩ» ይላል። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ አክስቴ ዘነበች አጠገቤ ነበረች። እጄን ያዘችው።

«የታመመ ሰው አይለካም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምን ይሆናል?»

«አናጺ ነው የታመመ ሰው የሚለካ። አባታችንን ታሞ ሳለ ለካፖርት ለኩት። ቁልፉ ሳይተከል ሞተ።»

አያቴ የሞቱት ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷቸው ነው፤ ለካፖርት ባይለኩም ለሌላ ነገር መለካታቸው አይቀርም ነበር። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ መለካት ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ። ነገር ግን ሜትሩን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። አክስቴ ምክንያት ሰጠችኝ እንጂ እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ያን ቦታ አይቼው አላውቅም። ቁስሉ በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያ ሲታጠብ ውጭ ቆሜ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነብ ነበር፤ የእጅ አስተጣጠብ ሰባቱን ደረጃዎች እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ቤት ስትታጠብ ውኃ አቀርብና በሩን እዘጋለሁ። ደረቷን ልለካ ከሆነ ሜትሩ እዚያ ላይ ማለፍ አለበት፣ እኔም ማየት አለብኝ። ካየሁ ደግሞ እውነት ይሆናል። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የሁለት መቶ ልጆች አስተማሪ ነኝ፣ እናቴን ማየት ፈራሁ።

ፈሪ ዘዴ አያጣም። አቅፌ ልለካት ወሰንኩ።

እኛ ቤት መተቃቀፍ የዓመት በዓል ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ይታቀፋል፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ይታቀፋል፤ በተረፈ ሁሉም እጁን ለሥራው ነው የሚፈልገው። እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ ሳለ፣ መዳፌ ውስጥ ክር ይዤ ሄድኩና አቀፍኳት። ክሩን ከኋላዋ አገናኘሁ፣ በጣቴ ቆንጥጬ ያዝኩ፣ ወደ ጓዳ ሮጬ በማስመሪያ ለካሁት። ዘጠና አንድ። ማታ ስደግመው መቶ አራት ሆነ፤ ፎጣ ለብሳ ነበር። በማግስቱ ዘጠና ሰባት። ተማሪዎቼ እንዲህ ዓይነት መልስ ቢያመጡልኝ እንደገና ሥሩ እላቸው ነበር፤ እኔም እንደገና ሠራሁ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ እናቴን አቀፍኳት። መጀመሪያ ላይ ፈገግ አለች። ኋላ ኋላ ስቀርባት ሰውነቷ እንጨት ይሆን ጀመር።

ከዚያ አቡጀዲው መጣ። መጽሔቱ ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት ርካሽ በሆነ ነጭ ጨርቅ ሞክሪ ይላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ዋናውን ጨርቅ፣ ወይን ጠጅ መደብ ላይ ነጫጭ አበባ ያለውን፣ ገዝቼ ደብቄው ነበርና እሱን ከማበላሸት ሌላ ነገር ላበላሽ። ገበያ ወጥቼ «አቡጀዲ አለ?» አልኩ። ነጋዴው ጣቃውን ካወረደ በኋላ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስንት ሜትር?»

«ሁለት ተኩል ይበቃኛል።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለትልቅ ሰው ከሆነ ግን አይበቃም።»

«ለሸሚዝ ነው» አልኩት።

«ይሁን፣ ይሁን» አለኝ፣ ሐዘንተኛ ሲቀባጥር ብዙ ያየ ሰው ድምፅ። ሦስት ሜትር ተኩል ቆርጦ ጠቀለለልኝ። ያን ጥቅል ይዤ ስመለስ ከኋላዬ የሚመጣ ነገር ያለ ያህል ነበር የምራመደው። ቤት ስደርስ አልጋዬ ስር ከተትኩት። እናቴ ቀን ጋደም ስትል በሬን ዘግቼ ጥቂት ጥቂት እቆርጣለሁ፣ ስትነቃ መልሼ እደብቃለሁ። ለምን እንደምደብቀው ራሴንም ጠይቄው አላውቅም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ተለወጠች። አንድ ቀን ወፍራሙን ጋቢዋን አጥፋ ለአክስቴ ሰጠቻት። በሌላው ቀን የቡና መሬቷ ደብተር የት እንደተቀመጠ ነገረችኝ፤ ከጣራው ስር፣ ከሁለተኛው ወራጅ በላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ደግሞ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ «እኔን ሸዋ ቤንች ነው የምትቀብሩኝ፤ የሚዛን መቃብር ውኃ ያቁራል» አለችኝ። ይህን ብላ ሽንኩርቷን ቀጠለች። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ሰው ሞቱ ሲቀርብ ይታወቀዋል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ሐኪሙ ያላየውን እሷ አይታለች አልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፍኩ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ቤት ስገባ ደግሞ የማደርገው ስለጠፋኝ አቅፋታለሁ፤ አሁን ክር ሳልይዝ ጭምር። እሷም ትንቀጠቀጣለች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርን።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ክርና ስፒል ልገዛ ወጥቼ ዝናብ ይዞኝ ስመለስ እናቴ እኔ ክፍል ውስጥ፣ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አቡጀዲው ጭኗ ላይ ነው። ጠቅልዬ እንዳስቀመጥኩት አልተፈታም፤ ሁለት እጇን ላዩ ላይ አድርጋለች።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ምንም። ቀጠሮሽ በሚመጣው ወር ነው።»

«አትዋሺኝ ልጄ። አቅፈሽኝ የማታውቂ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ታቅፊኛለሽ። ከኋላዬ በክር ትለኪኛለሽ፤ ክሩን አይቼዋለሁ። ዘነበች እኔን ስታይ ታለቅሳለች። አሁን ደግሞ አልጋሽ ስር አቡጀዲ አገኘሁ። ከፈኔን በቁሜ ከገዛሽ ልኬን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ቆሜ እለካልሽ ነበር።»

ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ። ይህች ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞቷን ከእኔ እቅፍ ላይ ስታነብ ከርማለች። ልጄ አውቃ ደበቀችኝ ብላ፣ እኔን ላለማስጨነቅ ጸጥ ብላ ዕቃዋን ስታከፋፍል ነበር። እኔ ደግሞ እሷ ስታከፋፍል እያየሁ ሞቷ ታውቋታል ብዬ የበለጠ አቅፋት ነበር። ጥቅሉን ከጭኗ ላይ ወሰድኩና ፈታሁት፤ የተቆረጠውን ቁራጭ አውጥቼ አሳየኋት።

«እማ፣ ይሄ እጅጌ ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችው። አገላበጠችው። እጇን አስገብታ በወዲያ በኩል አወጣችው።

«ለከፈን እጅጌ?»

«ሸሚዝ ነው። ላንቺ ነው። መጽሔቱ ነው በነጭ ጨርቅ ሞክሪ ያለኝ።»

«የማን አገር መጽሔት ነው?»

«የፈረንጅ።»

«እዚያ አገር ሰው አይሞትም?»

እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እያለቀሰች መስሎኝ ሳያት እየሳቀች ነው። እጅጌውን እንደለበሰች ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲያልቅ ዓይኗን በእጅጌው ጠረገች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ታዲያ በሜትር ለምን አልለካሽኝም?»

«አክስቴ የታመመ ሰው አይለካም አለችኝ።»

«ዘነበች ብዙ ትላለች። አንቺስ?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

ስሙን መጥራት አልቻልኩም፤ በአገጬ ወደ ደረቷ አሳየሁ። እናቴ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ፈታች።

«ግራው ያንቺ ነበር» አለችኝ። «ቀኙን ስሰጥሽ እምቢ ብለሽ ትጮኺ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የጠባሽው። አሁን ቦታውን ፈራሽ?»

አየሁት። ከደረቷ አጥንት እስከ ብብቷ የተዘረጋ መስመር ነው፤ ለስልሷል፣ ያብለጨልጫል። ስፌቱ ከእኔ ስፌት በእጅጉ ይሻላል። እንደጠበቅኩት የሚያስጮህ አልነበረም። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሥጋው ስለተነሳ ከቆዳዋ ስር ልቧ ሲመታ ይታያል፤ እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሜትሩን አመጣሁ። ጫፉን ራሷ ተቀበለችኝና መስመሩ ላይ በጣቷ ያዘችው፤ እኔ በጀርባዋ አዞርኩት።

«ስንት ነው?»

«ሰማንያ ስምንት።»

«ከስቻለሁ ማለት ነው።»

«አዎ» አልኩ። በዚህ ጊዜ አልዋሸሁም። ሁለታችንም ቁጥሩን ፈራነው።

ሸሚዙ በአንድ ከሰዓት አላለቀም፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እናቴ ጨርቁን ወጥራ ትይዛለች፣ እኔ መቀሱን ይዤ ላቤ ጠብ ይላል። መጽሔቱ ውስጥ አንድ ጡት ላላት ሴት የሚሆን ንድፍ የለም። ስለዚህ ግራውን ፊት ከቀኙ አጠበብነው፣ ሽብሽቡን ደግሞ በግራ ትከሻ በኩል አበዛነው። የትኛውም ገጽ ላይ የሌለ ሥራ ነው፤ የሠራነው እያለበስኩ፣ እያወለቅኩ፣ ስፒል እየተከልኩ ነው። ሁለት ጊዜ ወጋኋት። የግራው እጅጌ እስከ መጨረሻው ትንሽ እንደዞረ ቀረ። «ተይው፣ እኔም ዞሬያለሁ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ሳህኗን ሙልጭ አድርጋ እየበላች መሆኗን ልብ ብዬ ምንም አልተናገርኩም፤ ደስታዬን በስሙ ከጠራሁት እንዳይሄድ ፈርቼ።

ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኔና አክስቴ ከኋላዋ ተቀመጥን። መዝሙሩ ሞቅ ሲል ዓይኔን ከትከሻዋ አልነቀልኩም፤ ስፌቴን አውቀዋለሁና። እናቴ እጆቿን ዘረጋች፣ ቀኙ ከፍ አለ፣ ግራው ጅማቱ ስለሚይዛት ዝቅ ብሎ ቆመ። የወደቀ ነገር የለም። ከጸሎቱ በኋላ ሴቶቹ ከበቧት፣ ሸሚዙን ዳሰሱ፣ አበባውን አደነቁ። ከመካከላቸው አንዷ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለመሆኑ ያ ነገር እንዴት ሆነልሽ?»

«ካንሰሩ?» አለች እናቴ፣ የቡና ዋጋ እንደምትነግር አድርጋ። «ጡቴን ቆረጡት። ይኸው፣ በዚህ በኩል የለም። ስምንት ወር ባልደብቀው ኖሮ እንዲህ ባልጠለቀ ነበር ብለውኛል። በሚመጣው ወር ያዩኛል፤ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ አዩ፤ የተጠራው ነገር በዚያ የሚገባ ይመስል። የገባ የለም። የወጣች ግን አለች፤ አክስቴ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከመካከላችን ተነስታ ሄደች። በእናቴ አፍ ያፈረች መስሎኝ ተናደድኩባት።

በማግስቱ በጠዋት መጣች። እናቴ ጓሮ ነበረች፤ ወደ እኔ ክፍል ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ለእኔም ሸሚዝ ስፊልኝ» አለች። «ለኪኝ።»

ቂሜን ልወጣ ብዬ «የታመመ ሰው ነው እንጂ የማይለካው አንቺ ምን አለብሽ» አልኳትና ሜትሩን አነሳሁ። አልሳቀችም። በብብቷ ስር ላሳልፈው ስል እጄን ከነሜትሩ ያዘችው። ወደ ቀኝ ጡቷ ጎን አመጣችውና ጣቴን ተጭና አቆመችው። የደረቀ ጀንፈል ቡና የሚያህል ነገር ነው፤ ስነካው አይንቀሳቀስም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከእሷ በፊት» አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴን ሳታንሾካሹክ ሰማኋት።

ቀና ስል በሩ ተከፍቷል። እናቴ እግሯ ጭቃ እንደሆነ ደፉ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አክስቴ ደረቷን በነጠላዋ ልትሸፍን ታገለች፤ እናቴ ገብታ ነጠላውን ከእጇ ተቀበለቻት።

«የጅማ መኪና ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው የሚነሳው» አለቻት። «ዛሬ እኔ ጋ እደሪ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የምወስድሽ።»